ቱቱ ማን ናት?

ሕይወቴን ለሁለት የከፈለችው ቀን እሁድ ነበረች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምራ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀች። አምስት ሰዓት ናት። ሰው በአምስት ሰዓት ውስጥ ምን ሊደርስበት ይችላል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ከዚያ በፊት እንደዚያ እል ነበር።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ጊዜው ሰፈሩ ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሮ ግማሹ እንደድሮው የሚኖርበት ጊዜ ነበር። አንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር፤ ልቤ ግን ድርሰት ላይ ነበርና ማስተማሩን ትቼ እዚያው ሰፈር ሕንፃ ላይ ያለ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ በድርሰት ጸሐፊነት ገባሁ። እናቴ ለሦስት ሳምንት አኮረፈችኝ። ቋሚ ሥራ ትተሽ የፈጠራ ወሬ ልትጽፊ ነው ወይ አለችኝ። ስለዚህ ያ ሥራ እንዲሳካልኝ የምፈልገው እንጀራ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ እልህም ነበረበት።

የስቱዲዮው ባለቤት ብሩክ ይባላል። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ፈጣን፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ይህን ከወዲሁ ልናገር፤ በኋላ ክፉ እንዳይመስላችሁ።

ብሩክ የያዘው ትልቅ ሥራ ከአንድ የድሮ ድራማ ጋር የተያያዘ ነበር። ልጆች ሳለን «ሰባተኛው ጣቢያ» የሚባል ተከታታይ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ሐበሾች ሰማይ ላይ ጣቢያ ሠርተው፣ እዚያ ሲኖሩ፣ ሲጣሉ፣ ሲታረቁ፣ ከማይታወቅ ነገር ጋር ሲፋጠጡ የሚያሳይ ነው። የጣቢያው ግድግዳ ብርማ ቀለም የተቀባ የእንቁላል ካርቶን እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ማንም አልሳቀበትም። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ካለበት ቤት ተጠቅጥቀን እናይና ስንወጣ ቀና ብለን ሰማዩን እንፈልግ ነበር።

የጣቢያው አዛዥ የሚያነክሰው ሻለቃ ደርቤ ነበር። ከሁሉ በላይ የምትወደደው ግን የመገናኛ ሠራተኛዋ ወለላ ናት። በየክፍሉ መጨረሻ ማይክሮፎኑን ትይዝና «መሬት፣ መሬት፣ ሰባተኛው ጣቢያ ነኝ። ሁላችንም ደህና ነን» ትላለች። ከዚያ ልታጠፋው ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቱቱዬ፣ ደህና እደሪ» ትላለች። በቃ፤ መብራት ይጠፋል፤ ያልቃል። ይቺ ቃል ከተማውን ሞልታው ነበር። የታክሲ ረዳት ሳይቀር ሰው ሲያወርድ «ቱቱዬ ደህና እደሪ» ይል ነበር። ቱቱ ማን እንደሆነች ግን በድራማው ውስጥ አንድም ጊዜ አልተነገረም። ድመቷ ናት የሚል ነበር፤ የጣቢያው ማሽን ናት የሚልም ነበር።

ደራሲው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ብሩክ ከቤተሰቡ መብቱን ገዝቶ፣ ጣቢያው ከመሠራቱ በፊት የነበረውን ዘመን የሚያሳይ «ከሰባተኛው በፊት» የሚል ተከታታይ ሊያወጣ ተነሣ። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት በአዳዲስ ሰዎች ነበር፤ ጣቢያውን የበየዱት፣ ሽቦውን የዘረጉት፣ ስማቸው የማይታወቅ ሠራተኞች። ብሩክ አንብቦ መለሰልኝ።

«ጥሩ ነው፤ ግን ሻለቃ ደርቤ የታለ? ወለላ የታለች?» አለኝ። «ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ የሚፈልገው የሚያውቀውን ፊት ነው። ስፖንሰሩም ያለ እነሱ አይገባም ብሏል።»

ከፍቶኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቶሎ ጣመኝ። ታውቃላችሁ፣ ሰው የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ወጣትነት መጻፍ አንድ ዓይነት ሥልጣን አለው። ሻለቃው ለምን እንደሚያነክስ እኔ ወሰንኩ። የጣቢያው ሜካኒክ ሥጋ ለምን እንደማይበላ እኔ ወሰንኩ። ደራሲው የተወውን ቀዳዳ ሁሉ እየዞርኩ ደፈንኩ። የቀረችኝ ቱቱ ነበረች።

የድሮዎቹን ካሴቶች አስመጥቼ ያቺን ቦታ ብቻ ደጋግሜ አየሁ። ወለላን የምትሠራው ተዋናይ ያቺን ቃል ስትል እንደሌላው ጊዜ ካሜራው አጠገብ አታይም፤ ትንሽ ወደ ላይ፣ ግድግዳውን አልፎ የሚሄድ ዓይን ነው። ትወና አይመስልም። ይሄ ዓይን ልጅ የተለየችው ሰው ዓይን ነው ብዬ አሰብኩ። ጻፍኩት። ወጣቷ ወለላ ሳታገባ ትወልዳለች፤ የጠፈር ትምህርቱ ሲመጣ የአራት ወር ሕፃኗን ልጅ ለሌላት ታላቅ እኅቷ ትሰጥና ትሄዳለች። ብሩክ ሲያነበው ተነሥቶ አጨበጨበ። ያን ቀን ለእናቴ ደውዬ ተሳካልኝ አልኳት።

ወለላን በድሮ ጊዜ የሠሩት ወይዘሮ የሺመቤት ነበሩ። እትዬ የሺ ነው የምንላቸው። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ካዛንቺስ የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከቴአትር የራቁ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። በአዲሱ ድራማ አሮጊቷን ወለላ ሆነው ታሪኩን እንዲተርኩ ቀጥረናቸው ነበር። የሚተርኩትን ገጽ ብቻ ነበር የሰጠናቸው፤ የሕፃኗን ነገር አላነበቡም። እንዲያውም ሆን ብለን ደብቀናቸዋል፤ በድንገት ሲያዩት ደስ እንዲላቸው።

ያን እሁድ ጠዋት ልብስ ሊለኩ መጡ። ስቱዲዮው ውስጥ እኔና የፊልም አቀናባሪው ከድር ብቻ ነበርን። የአዲሱ ድራማ ማስታወቂያ ቅዳሜ ተጠናቆ ለቴሌቪዥን ጣቢያው ተሰጥቶ ነበርና አላስችል አለኝ። «እትዬ የሺ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብዬ ከከድር ኮምፒውተር ፊት አስቀመጥኳቸው።

ማስታወቂያው የአንድ ደቂቃ ነው። ወጣቷ ወለላ ሲመሻሽ አውቶብስ ፊት ቆማለች። የታቀፈችውን ሕፃን ለታላቅ እኅቷ ትሰጣለች። ጎንበስ ብላ «ቱቱዬ፣ ደህና እደሪ» ትላለች። ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁርና አንድ ድምፅ «ቱቱ ማን ናት ብላችሁ ስትጠይቁ ኖራችኋል። ቱቱ ልጇ ናት» ይላል።

እትዬ የሺ ስክሪኑ ከጠቆረ በኋላም ዓይናቸውን አላነሡም። አለቀሱ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ይሄን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ማንም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።» በኩራት ነው ያልኩት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«ታላቅ እኅቷንም?»

«አዎ።»

«መቼ ነው የሚታየው?»

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በእሁዱ መዝናኛ መሀል እንደሆነ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና መታጠቢያ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ሩብ ሰዓት ሆነ። ሄጄ ሳይ ማንም የለም። በረኛው ብቻቸውን በደረጃው ወርደው ወደ ባምቢስ አቅጣጫ በእግር እንደሄዱ ነገረኝ፤ ግድግዳ ይዘው ነበር የሚራመዱት አለኝ።

ቦርሳቸው ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ስልካቸው ውስጡ ነው። ሌላ ምን እንዳለ ለማየት ስከፍተው የደም ግፊት ኪኒናቸውን አገኘሁ።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ስም አልነበረውም። አንድ የማላውቀው ነገር ሰብሬያለሁ፤ ያ ብቻ ገባኝ። ቦርሳውን ይዤ ሮጥኩ።

መጀመሪያ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤታቸው ልብስ እያሰጣች ነበር፤ አልተመለሱም አለችኝ። ከዚያ ቦርሳውን እጄ ላይ አየችና ምን አደረግሻት አለችኝ። ምንም አልኩ። አላመነችኝም። ልባቸው ሲታወክ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄደው እንደሚቀመጡ የነገረችኝ ግን እሷው ናት።

ወደ ባምቢስ ወርጄ ታክሲ እስካገኝ በየሱቁ ደጃፍ ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ ሴትዮ አይታችኋል ወይ እያልኩ ጠየቅሁ። አንዱ አይቻለሁ አለኝ፤ ሌላው ደግሞ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ወድቃ ሰዎች አነሷት አለኝ። የትኛዋ ሴት? አላውቅም። በዚያው ሰዓት የአምቡላንስ ድምፅ ሰማሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሴትዮዋ ከሞቱ የገደልኳቸው በድርሰት ነው። ይሄን ለማን ይነግሩታል?

ቂርቆስ ስደርስ ቅዳሴ ካለቀ ቆይቷል። ግቢው ጥጋት፣ ዛፍ ሥር፣ ጫማቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ውሃ አምጥቼ ኪኒኑን ሰጠኋቸው። እምቢ አላሉኝም። ዋጡና የተረፈውን ውሃ ዛፉ ሥር ደፉት። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ምኑን ይቅርታ እንደምጠይቅ አላወቅሁም።

«ማንም እንዳልነገረሽ አሁን ገብቶኛል» አሉኝ በመጨረሻ። «እንዴት አወቅሽ ታዲያ?»

«ቃሏን ሲሉ ፊትዎን አየሁ» አልኳቸው።

ከዚያ ነገሩኝ። ቃል በቃል አልደግመውም፤ ባጭሩ እንዲህ ነው። እትዬ የሺ በሃያ አንድ ዓመታቸው፣ ቴአትር ቤት አዲስ ተቀጣሪ ሳሉ፣ ሳያገቡ ወለዱ። ታላቅ እኅታቸው እትዬ ታደለች ቄራ ባል አግብተው ይኖሩ ነበር፤ ልጅ ግን አልሰጣቸውም። ቤተሰቡ ተመካከረ። ሕፃኗ አራት ወር ሲሆናት ለእኅትየው ተሰጠች። እኅትየው አንድ ነገር አስማሏቸው፤ ልጅቷ እስከ ዕለተ ሞታችን አትሰማም ብለው። እትዬ የሺ ቱቱ እያሉ ይጠሯት ነበር። እትዬ ታደለች ሰናይት አሏት። ቱቱ የሚለው ስም ግን እስከ ስድስት ሰባት ዓመቷ ድረስ በቤቱ ቆየ።

«ሰናይት ታውቃለች፤ ቱቱ ማለት እሷ እንደሆነች» አሉኝ። «አክስቴ በቴሌቪዥን ሰላም ትለኝ ነበር እያለች ለሥራ ጓደኞቿ ታወራለች። በአክስትነቴ ነው የምታውቀው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ግን ቱቱ ልጇ ናት የሚለውን ትሰማለች። እሁድ ነው። ቤቷ ናት። ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው።»

ያቺ ቃል በደራሲው ድርሰት ውስጥ አልነበረችም። እትዬ የሺ ራሳቸው በቀረጻ መሀል የጨመሯት ናት። እኔ ደራሲው የተወው ቀዳዳ ነው ብዬ የደፈንኩት የሰው ገመና ኖሯል።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ነው። አስቆመዋለሁ አልኳቸው፤ ማንም ምንም ሳያውቅ አስቆመዋለሁ። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ማልኩ።

ለከድር ደወልኩ። ማስታወቂያው ከትናንት ጀምሮ ጣቢያው እጅ እንዳለ፣ ማስወጣት የሚችለው የፈረመው ብሩክ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ብሩክ ስልኩን አያነሣም። ለካ የጓደኛው ሠርግ ነበር፤ እሱም ሚዜ ነው። ሠርጉ ወሎ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ እንደሆነ ከድር አፈላልጎ መልሶ ሲደውልልኝ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። አንድ ላዳ ታክሲ በኮንትራት ያዝኩና እትዬ የሺን ከኋላ አስቀምጬ ሄድን። ሾፌሩ ሽማግሌ ናቸው፤ መልካችንን አይተው ሬዲዮኑን አጠፉት። 

አዳራሹ ደጅ ስንደርስ ሙሽሮቹ ገና እየገቡ ነው። ሰው፣ መኪና፣ ከበሮ። በሥራ ልብሴ፣ ላቤ እየወረደ፣ ሚዜዎቹ መሀል ገብቼ ብሩክን በእጁ ጎትቼ አወጣሁት። ሙሉ ልብስ ለብሶ ደረቱ ላይ አበባ የሰካው ብሩክ ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ። ማስታወቂያውን አስቁምልኝ አልኩት።

«ለምን?»

«አትጠይቀኝ። ስህተት አለው።»

«ምን ስህተት? አንቺ እኮ ነሽ የጻፍሽው።»

«ስለዚህ ነው የምለምንህ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አውጣው እያልኩህ ነው።»

የስፖንሰሩ ሰዎች ዛሬ ቤታቸው ቁጭ ብለው እንደሚጠብቁት፣ ካልታየ ሥራው በሙሉ ሊፈርስ እንደሚችል ነገረኝ። ሃያ ሰው የሚተዳደርበት ሥራ ነው አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ አንድ ምክንያት ስጪኝ አለኝ፤ አንድ እውነተኛ ምክንያት ስጪኝና አስቆመዋለሁ።

ምክንያቱ አፌ ውስጥ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዞሬ ታክሲዋን አየሁ። እትዬ የሺ በመስኮቱ ያዩኛል፤ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። አትናገሪ ማለታቸው ነው። ሕይወቴን ሙሉ ቃላት ስፈልግ ኖሬ፣ ያን ቀን የነበረኝን አንዷን ቃል መዋጥ ነበረብኝ። ዋጥኳት።

ብሩክ ለእኔ አዝኖ ይሁን ግራ ገብቶት አላውቅም፤ ለማንኛውም ስልኩን አውጥቶ ቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ የሚያውቀው ሰው ዘንድ ሁለት ጊዜ ደወለ። እሁድ ነው፤ የሚያነሣ የለም። ከውስጥ ጠሩት። ነገ እናወራለን ብሎኝ ገባ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ታክሲው ውስጥ ገብቼ አልሆነም አልኳቸው። ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ለጥቂት ጊዜ እጃቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብለው «ቄራ ይውሰዱን» አሉ። ለእኔ ደግሞ «ከቴሌቪዥን አትሰማውም፤ ከእኔ ትስማው» አሉኝ።

ጎተራን አልፈን ቄራ መዳረሻ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ለገበያ የመጡ በሬዎች አስፋልቱን ሞልተውታል። ነጂዎቹ ይጮኻሉ፤ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ስምንት ሰዓት ተኩል። ከሠላሳ አምስት። አንድ በሬ መጥቶ ሰውነቱን የላዳዋ በር ላይ ያሻሻል። እትዬ የሺ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ስል ግን የሚሉትን እየተለማመዱ ነው። «ሰናይት፣ አንድ ታሪክ አለኝ... ሰናይት፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ...» እንደ ተዋናይ፤ ቃሉን እየቀያየሩ። ስምንት ከአርባ ላይ በሩን ከፈቱና ወረዱ። ተከተልኳቸው። በበሬዎቹ መሀል ለመሀል አለፍን። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ሲራመዱ አላየኋቸውም።

ቤቱ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ የእሁዱ መዝናኛ እየታየ ነው፤ የሳቅ ድምፅ ይሰማል። ሰናይት ቆማ ነጭ ጋዋን ትተኩሳለች፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ረጅም፣ የተረጋጋች ልጅ ናት። እጆቿን አየሁ፤ የእትዬ የሺ እጆች ናቸው። እትዬ ታደለች አልጋው ጫፍ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ስድሳውን አልፈዋል። እኅታቸውን በዚያ ሁኔታ ሲያዩ ትሪውን ከጭናቸው ላይ አወረዱ።

«ታዱ፣ ልነግራት ነው» አሉ እትዬ የሺ።

እትዬ ታደለች ምኑን ብለው አልጠየቁም። «መሐላሽስ?» አሉ።

«ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ሰናይት አንዴ አንዷን፣ አንዴ አንዷን ታያለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። እትዬ የሺ ያን ሁሉ የተለማመዱትን ረሱት።

«ሰናይት፣ የወለድኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። በቃ። 

ሰናይት ካውያውን ከሶኬት ነቀለች። ቀስ ብላ አቆመችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።  የመዝናኛው አቅራቢ አንድ ነገር ተናገረና ሙዚቃ ተሰማ፤ የእኛ ሙዚቃ ነው። እትዬ ታደለች ሊያጠፉት ብድግ አሉ።

«ተይው እማዬ» አለች ሰናይት።

እማዬ የሚለውን ሁለቱም ሴቶች ሰሙት። ሁለቱም ባሉበት ቀሩ።

አራታችንም አየነው። አውቶብሱ፣ ሕፃኗ፣ ታላቅ እኅቷ። እኔ የጻፍኩት ነው። ያን ያህል ባዶ፣ ያን ያህል ድፍረት ያለበት ነገር አይቼ አላውቅም። ሲያልቅ ሌላ ማስታወቂያ ተከተለ፤ የሳሙና።

«ልጅ ሆኜ ይሄን ድራማ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም» አለች ሰናይት ወደ እትዬ ታደለች ዞራ። «ሊጀምር ሲል ታጠፊው ነበር። ያስፈራል፣ ለልጅ አይሆንም እያልሽ ታስተኚኝ ነበር። አክስትሽ ሰላም አለችሽ የሚሉኝ የሰፈር ልጆች ናቸው።»

እትዬ ታደለች ተመልሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «አንቺን አይደለም ያስፈራው» አሉ። «የፈራሁት እኔ ነኝ። ያቺን ቃል ስትል ፊቷን ካየሽ ታውቂያለሽ ብዬ።»

ሰናይት ወደ እትዬ የሺ ዞረች። «በየሳምንቱ ነው የምትይው?»

«በየሳምንቱ። ደራሲው ሊያወጣት ነበር፤ ለምኜው ነው የተወልኝ።»

«እኔ ተኝቼ ነበር» አለች ሰናይት። ድምፅዋ ያኔ ነው የተሰበረው። ከዚያ በትሕትና፣ ሰው ሱቁን ሲዘጋ እንደሚለው፣ «አሁን ሂዱልኝ» አለችን። ለእኔም ለእትዬ የሺም ነው። ወጣን። ሰዓቴን ሳይ ዘጠኝ ከአሥር ነበር።

ወዳጆቼ፣ ከዚህ በኋላ ተቃቅፈው ተላቀሱ ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አልሆነም። ሰናይት ለአምስት ወር ለእትዬ የሺ ስልክ አላነሣችም። እትዬ የሺ ሥራውን ተዉ። እኔን ግን አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ እሱ ነው ከሁሉም የከበደኝ።

በሳምንቱ አጋማሽ ላይ ሰናይት የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ደጅ ጠብቄ ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ድራማው አንድ ወር ቀርቶታል፤ ትዕይንቱ ይቆይ ካልሽ ይቆያል፣ ይውጣ ካልሽ ላስወጣው እታገላለሁ አልኳት።  «እሱ የወለላ አይደለም፤ የእኔ ነው» አለችኝ። «አውጪው።»

አስወጣሁት። ለብሩክ ምክንያቱን እስከዛሬ አልነገርኩትም፤ ማስታወቂያው አንዴ ታይቷልና ሰውም ስፖንሰሩም ቱቱስ የት ገባች እያለ ጮኸበት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተስማማ፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ግን ሌላ ጸሐፊ ቀጠረ። አልፈርድበትም። እናቴ ወደ ማስተማሩ ትመለሻለሽ ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፤ አልተመለስኩም። እስከዛሬ እጽፋለሁ። ብቻ የሰው ገጸ ባሕርይ ተሰጥቶኝ ያለፈ ሕይወቱን ፍጠሪ ስባል እጄ ይዘገያል። ማለቴ፣ ሰው የሚወዳቸውን የድሮ ሰዎች መልሶ ማምጣት ነውር ነው አልልም፤ እኔም ሳያቸው ደስ ይለኛል። ግን ያልተነገረ ነገር ሁሉ የተረሳ አይደለም። አንዳንዱን ሰው አውቆ ነው ያልተናገረው። ከመጻፌ በፊት በሕይወት ያለ የሚያውቅ ሰው ካለ ፈልጌ ቁጭ ብዬ እጠይቃለሁ። ድሮ ይሄን እንደ ፍርሃት ነበር የምቆጥረው።

እትዬ የሺ ከአራት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ደም ግፊቱ ነው። በነዚያ ዓመታት ሰናይት መጀመሪያ በስልክ፣ ከዚያ በአካል፣ ቀስ በቀስ መጥታ ነበር። እማዬ ብላ ስትጠራቸው ግን አልሰማሁም። ለቅሶው ላይ አስተዛዛኞቹ ድንኳን ውስጥ ሲገቡ ሰናይትን ከፊት፣ የልጅ ቦታ ላይ ተቀምጣ አዩ። አንዲት የሠፈር ሴት ይቺ የእኅቷ ልጅ አይደለችም ወይ ብላ ጎረቤቷን በሹክሹክታ ጠየቀች። እትዬ ታደለች ሰሙ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «የእሷ ልጅ ናት፤ እኔ ያሳደግኋት» አሉ።

ይህን ታሪክ ለእናንተ ከመላኬ በፊት ስማቸውን ሁሉ ለውጬ ለሰናይት ወሰድኩላት። ቄራ፣ እዚያው ቤት፣ ቁጭ ብላ እስክሪብቶ ይዛ አነበበችው። ሦስት ቃላት አስተካከለችልኝ። አንድ አንቀጽ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሰረዘችው። ጥሩ አንቀጽ ነበር፤ ምናልባትም ከሁሉ የተሻለው። ምን ይል እንደነበር ግን አልነግራችሁም።